መብቱ ከአየር መንገዱ ይቀድማል

ስለ ዓለም አቀፍ የበረራ መብት ሲወራ አገሩ ሁሉ በአንድ ቃል ይናገራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአገር ኩራት ነው፤ አትራፊ ነው፤ ስለዚህ ለአየር መንገዱ የተመቸ ነገር ሁሉ ለአገር የተመቸ ነው። ይህን የሚሉት ባለሥልጣናት ብቻ ቢሆኑ ባልገረመኝ። ምሁሩም፣ ጋዜጠኛውም፣ ውጭ አገር የሚኖረውም፣ በሌላው የመንግሥት ጉዳይ ሁሉ የማይስማሙ ወገኖች ሳይቀሩ እዚህ ላይ ሲደርሱ ይስማማሉ። ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ መካነ ሰላም ወይም ወግዲ ሆኖ ስለ በረራ መብት የሚጠይቅ ሰው ከተገኘ ደግሞ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «እናንተ መንገድ ይሠራልን በሉ፤ ሰማዩ ምናችሁ ነው?»

ሰማዩ የእኛ ነው። ይህን የምለው ንግግር ለማሳመር ብዬ አይደለም፤ ሕጉ የሚለው ይህንኑ ነው። የበረራ መብት የአየር መንገድ ንብረት ሆኖ አያውቅም። የአገር ንብረት ነው፤ አገር ሲባል የቦረናና የሳይንት፣ የከለላና የለጋምቦ ሰውም በውስጡ አለ። አየር መንገዱ በአደራ ተቀብሎ ይሠራበታል። አደራ የተቀበለ ደግሞ ለሰጪው የሚመልሰው አለበት። ይህ የመመለስ ግዴታ ተረስቷል፤ መረሳቱም እንደ ጥሩ የንግድ አሠራር ይመሰገናል። የምሟገተው ከዚህ ጋር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልያዘው። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ስምምነቶቹ የሚታወቁት በዚያ ነው።) በ1944 መጨረሻ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃ፣ ከሃምሳ በላይ አገሮች ቺካጎ ላይ ተሰብስበው የሲቪል አቪዬሽንን ሕግ ጻፉ። ኢትዮጵያ ከተሰብሳቢዎቹ አንዷ ነበረች። የስምምነቱ አንደኛ አንቀጽ እያንዳንዱ አገር ከግዛቱ በላይ ባለው አየር ላይ ሙሉና ብቸኛ ሉዓላዊነት አለው ይላል። ስድስተኛው አንቀጽ ማንኛውም መደበኛ ዓለም አቀፍ በረራ ያለ ባለአገሩ ፈቃድ አይገባም ይላል። ሰባተኛው ደግሞ በአገር ውስጥ ከከተማ ወደ ከተማ መንገደኛ ማመላለስን አገሩ ለውጭ አውሮፕላን ሊከለክል እንደሚችል ይደነግጋል። ዛሬ የበረራ መብት እያልን የምንጠራው ነገር በሙሉ ከእነዚህ አንቀጾች የሚቀዳ ነው።

አሁን ቀኑን ልብ በሉልኝ። ኢትዮጵያ ቺካጎ ላይ ወንበሯን ስትይዝ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አልተወለደም። የተመሠረተው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 21 ቀን 1945፣ ከአሜሪካው ቲደብሊውኤ ጋር በተደረገ ውል ነው። የመጀመሪያውን የንግድ በረራ በአስመራ አድርጎ ወደ ካይሮ ያደረገው በኤፕሪል 1946 ነው። እንግዲህ የኢትዮጵያ ልዑክ ወደዚያ ጉባኤ ይዞ የገባው ምን ነበር? የሚያስከብረው አየር መንገድ አልነበረውም። መሬት ነበረው፤ ከመሬቱ በላይ ያለው ሰማይ ነበረው፤ ሕዝብ ነበረው። ከዓባይ ሸለቆ እስከ በሽሎ ያለው የእኛ ደጋም በዚያ ውስጥ ነበር።

እዚያው ቺካጎ ላይ አምስቱን የበረራ ነጻነቶች በአንድነት ለመለዋወጥ የሚያስችል ሌላ ስምምነት ተዘጋጅቶ ነበር። አብዛኛው ዓለም ሸሸው፤ አሳቡን ያራመደችው አሜሪካ ራሷ በ1946 ወጣች። ኢትዮጵያ ግን እስከ ዛሬ የዚያ ስምምነት አባል ከሆኑት ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ የበረራ መብት ጉዳይ አየር መንገዱ ትልቅ ከሆነ በኋላ የመጣ ልማድ አይደለም።

ነጻነቶቹን ባጭሩ ላስረዳ። አንደኛው ሳያርፉ በሰው አገር ሰማይ ማለፍ ነው። ሁለተኛው መንገደኛ ሳይጭኑና ሳያወርዱ ነዳጅ ለመቅዳት ማረፍ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ከገዛ አገር ወደ ሌላው መንገደኛ መውሰድና ከዚያ መልሶ ማምጣት ነው። አምስተኛው፣ ሁሉም የሚፈልገውና ሁሉም የሚሰስተው፣ በሁለት የሰው አገሮች መካከል መንገደኛ መጫን ነው፤ አየር መንገዱ ከሎሜ ወደ ኒውዮርክ አካባቢ፣ ከሳኦ ፓውሎ ወደ ቦነስ አይረስ ሲጭን የሠራው በዚህ ነው። ከሌጎስ የተነሣውን ነጋዴ ቦሌ ላይ አሸጋግሮ ጓንግዡ ማድረስ ደግሞ ሦስተኛውንና አራተኛውን አገናኝቶ የሚገኝ ነው፤ ስድስተኛ ነጻነት ይሉታል። የቦሌ ታላቅነት የቆመው በዚህ በስድስተኛው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ለደጋ ሰዎች ቅርብ የሆነ ነገር አለ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፍም ሞተርም አቅማቸው ይቀንሳል፤ ለአሜሪካ ጉዞ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ አንድ ላይ ተሸክሞ መነሣት ያስቸግራል። ስለዚህ ወደ አሜሪካ የሚሄደው አውሮፕላን መንገድ ላይ ማረፍ ግድ ይሆንበታል፤ በተለያየ ዘመን ሮም፣ ደብሊን፣ ሎሜ ማረፊያ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ነዳጅ ለመቅዳት ብቻ ማረፍ በሁለተኛው ነጻነት ይቻላል፤ ባዶውን ወንበር እዚያ ለመሙላት ግን አምስተኛው ያስፈልጋል። በ2015 የተጀመረው የደብሊንና የሎስ አንጀለስ መስመር የተገኘው እንዲህ ነበር። የአገራችን ከፍታ አየር መንገዱን ሲቸግረው መንግሥት ለዚያ መፍትሔ ለመፈለግ አገር ለአገር ተደራድሮ ውል ተፈራርሟል። ከ2,600 ሜትር በላይ ያለችው የመካነ ሰላም ጉዳይ ሲነሣ ግን ያው ከፍታ ላለመሄድ ሰበብ ይሆናል። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። የበረራ መብት ዋጋው ከየት ይመጣል? በወረቀት ላይ ያለ ፈቃድ ብቻውን ሳንቲም አያወጣም። አሜሪካና እንግሊዝ በ1946 ቤርሙዳ ላይ የተፈራረሙትና ለአያሌ አሥርት ዓመታት የዓለም አርአያ ሆኖ የቆየው ውል፣ የሚፈቀደው የበረራ አቅም በቅድሚያ በሁለቱ አገሮች መካከል ካለው የመንገደኛ ብዛት ጋር እንዲመጣጠን ያዝዝ ነበር። ያ አስተሳሰብ ዛሬም በብዙ የሁለትዮሽ ስምምነቶች ውስጥ አለ። በሳምንት ስንት በረራ፣ ወደ ስንት ከተማ የሚለው ክርክር የሚያልቀው «ስንት ሰው ይጓዛል?» በሚል ጥያቄ ነው። ተደራዳሪው ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጠው ሕዝቡን ነው።

ታዲያ በኢትዮጵያና በዓረብ አገሮች መካከል የሚጓዘው ሕዝብ ማን ነው? ነጋዴ አለ፤ ሐጃጅ አለ፤ የኤምባሲ ሰው አለ። ለዓመታት ወንበሩን ሲሞሉ የኖሩት ግን ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ ሴቶች ናቸው። ከእነዚያ ሴቶች መካከል ደግሞ የደቡብ ወሎ ልጆች ቁጥር ከፍተኛ መሆኑን ስለ ስደት ያጠና ሁሉ የሚያውቀው ነው። ከቦረና፣ ከወግዲ፣ ከለጋምቦ፣ ከጃማ የሚነሡ ልጆች በአቧራ መንገድ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ይደርሳሉ፤ ከኤጀንሲ ወይም ከደላላ እጅ ወደ ቦሌ፣ ከቦሌ ወደ ጅዳ፣ ሪያድ፣ ቤይሩት፣ ዱባይ፣ ኩዌት ይሄዳሉ። በ2013 መንግሥት ወደዚያ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ ሲያግድና ሳዑዲ ዓረቢያ በዚያው ሰሞን ማባረር ስትጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። እገዳው በ2018 ተነሣ፤ ጉዞው ቀጠለ። በ923/2016 የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ የደርሶ መልስ ትኬቱን አሠሪው እንዲከፍል አዘዘ። ገንዘቡን ማንም ይክፈል፣ ወንበሩ የተሸጠው ልጅቷ ስለሄደች ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው ያለው የበረራ መብት ዋጋ ያገኘው በእነዚህ ልጆች ጉዞ ነው፤ የትውልድ ቀበሌያቸው ግን በውሉ ውስጥ የለም።

«አየር መንገዱ ይጠቅማል» የሚለውን አልክድም። አብራሪና መካኒክ ያሠለጥናል፤ የውጭ ምንዛሪ ያስገባል፤ በወረርሽኙ ዘመን ሌሎች የመንግሥት ድጎማ ሲለምኑ እሱ ጭነት እያመላለሰ ቆሟል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ክርክሬ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፦ ጥቅሙ መንግሥት ከአንድ ድርጅቱ ስለሚያገኘው ትርፍ ብቻ ከሆነ፣ የበረራ መብትን ለማንም አትራፊ ሰጥቶ ግብር መሰብሰብም ይቻል ነበር። መብቱ ለብሔራዊ አየር መንገድ የተሰጠው ትርፍ የማይደርስበትን ቦታ እንዲያደርስ ጭምር ነው። የወል ግጦሽ ላይ በሬውን ያደለበ ሰው እርሻ ሲደርስ «በሬው የግሌ ነው» ቢል በእኛ አገር ማን ይሰማዋል?

መካነ ሰላምን እንያት። ከተማዋ በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ በአያታ፣ መዝገብ ውስጥ የራሷ መለያ አላት፤ ኤም ኬ ኤስ ትባላለች። መለያ የተሰጣት አየር መንገዱ በዲሲ-3 እና በትዊን ኦተር የአገሪቱን ትናንሽ ሜዳዎች ያካልል በነበረበት ዘመን ነው። አስፋልት ያልነበረው ሜዳ፣ ተርሚናል ያልነበረው ጣቢያ፣ ለደጋው ሰው ግን ከቀናት የበቅሎና የመኪና ጉዞ የሚያድን መንገድ ነበር። ዲሲ-3ዎቹ አረጁ፤ ትዊን ኦተሮቹም ሄዱ፤ ዛሬ የአገር ውስጡን በረራ የያዙት ከሰባ ሰው በላይ የሚጭኑ ኪው-400 አውሮፕላኖች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ረጅምና የተነጠፈ ማኮብኮቢያ ይፈልጋሉ። ለደቡብ ወሎ የቀረው ኮምቦልቻ ነው። ኮምቦልቻ ለደሴ ቅርብ ነው፤ ለመካነ ሰላም ግን ከደጋ ወርዶ፣ ደሴን አልፎ፣ ከመቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚደረስበት ነው። አውሮፕላን ለመያዝ ቀኑን ሙሉ መኪና የሚይዝ ሰው አውሮፕላኑን ለምን ይይዛል?

እንግዲህ ሕጉን ከዚህ ጋር አያይዛችሁ ተመልከቱት። ሰባተኛው አንቀጽ የሰጠውን መብት ኢትዮጵያ እስከ ጥግ ተጠቅማበታለች። የውጭ አየር መንገድ በአገር ውስጥ አይበርም፤ ይህን እደግፋለሁ። ግን የገዛ ዜጎቿንም ለረጅም ጊዜ ከልክላለች። በ769/2012 የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ከ50 መቀመጫ በላይ ባለው አውሮፕላን መንገደኛ ማጓጓዝን ለመንግሥት ብቻ ከልሎት ነበር። በ2020 የወጣው ደንብ ይህን ላላ አደረገው፤ የአገር ውስጥ በረራ የውጭ ባለሀብት እስከ 49 በመቶ ድርሻ ይዞ ከኢትዮጵያዊ ጋር የሚሠራበት መስክ ሆነ፤ ዓለም አቀፉ በረራ ግን ከመንግሥት ጋር በሽርክና ካልሆነ አይነካም። በመካከሉ፣ በ2017፣ የኤርፖርቶች ድርጅት ከአየር መንገዱ ጋር ተዋሐደ። ስለዚህ አውሮፕላኑን የሚያበርረው፣ ማኮብኮቢያውን የሚያስተዳድረውና የትኛው ኤርፖርት ይታደስ የሚለውን የሚወስነው አንድ ቤት ነው። ሰማዩ ተዘግቶለታል፤ ሜዳውም የእሱ ነው፤ በውጭ አገር የሚያገኘውን መብት ሁሉ መንግሥት ይደራደርለታል። ይህን ያህል ለተሰጠው ድርጅት «እዚህና እዚያ ግን ማረፍ አለብህ» የሚል ግዴታ መጣል ብዙ ነው?

«ያከስራል» ይባላል። ያከስር ይሆናል። ከአገር ውስጥ መስመሮቹ ውስጥ ስንቱ ለብቻው እንደሚያተርፍ የሚጠየቅ ከሆነ ሌሎቹም ከተሞች ከእኛ የተሻለ መልስ አይኖራቸውም። ዓለም ለዚህ መልስ ካገኘ ቆይቷል። ህንድ በ1994 የመንገድ ማከፋፈያ መመሪያ አውጥታ፣ በትላልቆቹ ከተሞች መካከል መብረር የፈለገ አየር መንገድ ሁሉ ከአቅሙ የተወሰነውን ድርሻ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተራሮች፣ ወደ ካሽሚርና ወደ ደሴቶቿ እንዲያበርር አስገደደች። ከዚያም አልፋ አዲስ አየር መንገድ አምስት ዓመት በአገር ውስጥ ሳይበርና ሃያ አውሮፕላን ሳይኖረው ዓለም አቀፍ መብት እንዳያገኝ ለዓመታት ከለከለች። በ2016 ደግሞ ኡዳን የተባለውን መርሐ ግብር ጀመረች፤ ከዋና ዋናዎቹ በረራዎች ጥቂት ቀረጥ ይሰበሰባል፣ ገንዘቡ ወደ ተረሱ ሜዳዎች ለሚበሩ አውሮፕላኖች ድጎማ ይውላል፣ የተወሰኑት ወንበሮች የአንድ ሰዓት ጉዞ ዋጋም በ2,500 ሩፒ ተገደበ። ኖርዌይ ስምንት መቶ ሜትር በሆኑ ማኮብኮቢያዎች ላይ በተራሮቿ መካከል ሕዝቧን ታመላልሳለች፤ መንግሥት መስመሩን በጨረታ ያወጣል፣ ጉድለቱን ይሞላል። ገበያ ገበያ የምትለው አሜሪካ እንኳ በ1978 አየር መንገዶቿን ነጻ ስትለቅ በዚያው ሕግ ለትናንሽ ከተሞች መሠረታዊ የአየር አገልግሎት የሚያስጠብቅ ድጎማ አቆመች፤ እስከ ዛሬ ይከፈላል። እነዚህ ሁሉ መንግሥታት ከደግነት ተነሥተው አላደረጉትም። መብቱ የሕዝብ እንደሆነ ስለሚያውቁ ዋጋውን ያስከፍላሉ።

ከፍታው ይነሣል ብያለሁ። በ2,600 ሜትር ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠለሉ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ አውሮፕላን ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል፣ ጭነቱንም መቀነስ አለበት። ይህ የምሕንድስና ጥያቄ ነው፤ መልሱም ይታወቃል። ትልቅ አውሮፕላን አንጠይቅም። ያልተነጠፈ ሜዳ ላይ የሚያርፉ፣ አሥር አሥራ ሁለት ሰው የሚጭኑ እንደ ሴስና ካራቫን ያሉ አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ውስጥ በግል ድርጅቶች እጅ ይበርራሉ። ዲሲ-3 የተባለው አውሮፕላን በ1930ዎቹ የተነደፈ ነው። በዚያ ቴክኖሎጂ የተደረሰበት ደጋ በዛሬው አይደረስበትም የሚል ሰው እንዲያስረዳኝ እፈልጋለሁ።

መንገዱም ይነሣል። መንገድ እንፈልጋለን፤ ዓባይን ተሻግሮ ከጎጃም የሚያገናኘን መንገድም፣ ወደ ደሴ የሚወስደውም ያስፈልገናል። ግን መንገድ ከተሠራ አየር አያስፈልግም የሚለው ክርክር ለምን ለባሕር ዳርና ለሐዋሳ አይነገርም? እነሱ አስፋልት አላቸው፤ አውሮፕላንም አላቸው። ምጥ የጠናባት እናት፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ግቢ መምህርና ተማሪ፣ ሬሳ ከዓረብ አገር የሚመጣለት ቤተሰብ፣ የቦረና ሳይንትን ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጣ እንግዳ፤ እነዚህ ሁሉ የሚቸኩሉበት ምክንያት አላቸው። የጸጥታው ጉዳይ ከባድ መሆኑን አልደብቅም። ከ2023 ወዲህ በክልላችን ባለው ጦርነት በረራ ይቅርና ሰው ከቀበሌ ቀበሌ መሄድ የተቸገረባቸው ጊዜያት ነበሩ። ሆኖም ሜዳው የተዘጋው ጦርነቱ ሲጀመር አይደለም። ሰላሙ ሲመለስ ይህ ጥያቄ ከዝርዝሩ ውጭ እንዳይሆን ነው ዛሬ የምጽፈው።

በሌላ ወገን «ሰማዩን ለሁሉም ክፈቱትና ገበያው ያደርሳችኋል» የሚሉ አሉ። ከእነሱም ጋር አልስማማም፤ ግን የሚሉት ውስጥ መሰማት ያለበት አለ። አያታ ያስጠናውና በ2014 የወጣው ጥናት እንደሚለው፣ ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ጋር የላላ ስምምነት ያደረገችባቸው መስመሮች ዋጋቸው ጥብቅ ከሆኑት ከ10 እስከ 21 በመቶ ያነሰ፣ የበረራቸው ብዛት ከ35 እስከ 38 በመቶ የላቀ ነው። ይህ ማለት ስምምነቱ እንዴት እንደተጻፈ በቀጥታ ከመንገደኛው ኪስ ጋር ይገናኛል። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ሰማይ ለአፍሪካ አየር መንገዶች የሚከፍተውን የ1999 የያሙሱክሮ ውሳኔ ከተቀበሉት አገሮች አንዷ ናት፤ የአፍሪካ ነጠላ የአየር ትራንስፖርት ገበያ በ23 አገሮች በጃንዋሪ 2018 አዲስ አበባ ላይ ሲመረቅም ከፊት ከቆሙት አንዷ ነበረች። ከአሜሪካ ጋር በ2005 የክፍት ሰማይ ስምምነት ተፈራርማለች። የገዛ ሰማይዋን በር ግን በግማሽ ነው የከፈተችው፤ ሌሎችም ይህን ያዩታል። ናይጄሪያ በ2022 አየር መንገዳችንን ልታቋቁመው ባሰበችው ናይጄሪያ ኤር የ49 በመቶ ባለድርሻ ልታደርገው ስትል የአገሬው አየር መንገዶች ፍርድ ቤት ሄደው አስቆሙት፤ በቀጣዩ ዓመት አዲሱ መንግሥት እቅዱን አገደው። ናይጄሪያውያኑ የፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የእኛን አሠራር አይተው የእኛን ሥራ ሠሩ።

የአስመራው በረራ ደግሞ ከዚህም የከፋ ትምህርት አለው። በጁላይ 2018 አውሮፕላኑ ወደ አስመራ ሲመለስ በሁለቱም ወገን የተነባው እንባ ይታወሳል። በሴፕቴምበር 2024 በረራው ቆመ፤ አየር መንገዱ ከገለጻቸው ምክንያቶች አንዱ እዚያ ያለውን ገንዘቡን ማውጣት አለመቻሉ ነው። አየር መንገዱ ትክክል ነው፤ ገንዘቡን ማውጣት የማይችል ሰው መብት አለው አይባልም። ነገር ግን አያታ ለዓመታት የአየር መንገዶች ገንዘብ ከታገደባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያን ሲጠቅስ ኖሯል። ቦሌ የሚያርፉ የውጭ አየር መንገዶች በብር የሸጡትን ትኬት ወደ ዶላር ለመለወጥ ወረፋ ሲጠብቁ ቆይተዋል። እኛ ላይ ሲደርስ በደል የሆነው በሌሎች ላይ ስናደርሰው ፖሊሲ ተብሏል። የሚጎዳውም ያው መንገደኛ ነው፤ ተፎካካሪ ሲቀንስ ዋጋው ይወጣል።

ሆኖም ሰማዩ ቢከፈት ቦረና ራሱ አይደረስበትም። የክፍት ሰማይ ስምምነት ቦሌን ከዱባይ ጋር ያገናኛል፤ ከመካነ ሰላም ጋር አያገናኝም። ዱባይ ላይ የተመዘገበ አየር መንገድ የዓባይን ገደል ተሻግሮ ለአሥር ሰው አይመጣም። ለዚያ የሚያስፈልገው ግዴታ ነው፤ ግዴታውን መጣል የሚችለውም መብቱን የሚሰጠው መንግሥት ብቻ ነው። የክፍት ሰማይ ሰዎች ይህን አይጠይቁም፤ የአየር መንገዱ አድናቂዎችም አይጠይቁም። ሁለቱ ወገኖች በብዙ ነገር ይጣላሉ፣ ደጋውን በመርሳት ግን አንድ ናቸው።

የምለው ግልጽ ነው። በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በኩል የሚፈረሙ የአየር አገልግሎት ስምምነቶች የሕዝብ ሰነድ ይሁኑ። ምክር ቤቱ ያጸድቃቸዋል፤ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የሚወጣው አጭር የማጽደቂያ አዋጅ ግን በሳምንት ስንት በረራ፣ ከየት ወደ የት፣ በምን አቅም የሚለውን አይነግረንም፤ ያ በባለሥልጣናቱ መካከል በሚፈረሙ የመግባቢያ ሰነዶች ውስጥ ነው። ይታተም። ዓለም አቀፍ የበረራ መብት የሚሰጠው ሁሉ፣ የመንግሥቱም ይሁን ነገ የሚመጣ የግል፣ የተወሰነ የአገር ውስጥ የአገልግሎት ግዴታ ይጣልበት፤ ካልቻለ ለሚችል ትንሽ አየር መንገድ የሚከፈል ቀረጥ ይክፈል። ከእያንዳንዱ ዓለም አቀፍ ትኬት የምትቆረጥ ትንሽ ገንዘብ በዓመት ከሚመላለሰው መንገደኛ ብዛት ጋር ስትባዛ የተዘጉ የደጋ ሜዳዎችን ለመክፈት ትበቃለች ብዬ አምናለሁ። ቢሾፍቱ አጠገብ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ የሚያስተናግድ ኤርፖርት ለመገንባት በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ገንዘብ የሚፈልግ አገር፣ መካነ ሰላም ላይ አንድ ማኮብኮቢያ ለመደልደል አቅም የለኝም ሊል አይችልም።

ከቦረና፣ ከወግዲ፣ ከከለላ፣ ከሳይንት፣ ከለጋምቦና ከጃማ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተላካችሁ እንደራሴዎች፤ ከሳዑዲ፣ ከኤምሬቶች፣ ከኩዌት ወይም ከሊባኖስ ጋር የተደረገ የአየር አገልግሎት ስምምነት ለመጽደቅ በቀረበላችሁ ቀን እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። በዚህ ውል በሚፈቀዱት በረራዎች ወንበር ላይ የሚቀመጠው የማን ልጅ ነው? ለእሷ አገርስ ምን ተጻፈ? መልስ ካላገኛችሁ እጃችሁን አታውጡ።